ያረጀ ፕሮግራም እንዴት ይነበባል?

መጽሐፍ የሚሞተው እሳት ሲበላው ወይም ምስጥ ሲያደቀው ብቻ አይደለም። አንባቢው ሲያልቅም ይሞታል። ብራናው ሙሉ፣ ቀለሙ ደማቅ፣ ድጉሱ ያልተነካ ሆኖ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፣ በእጃችን የቀረው ቆዳ እንጂ መጽሐፍ አይደለም። የግእዝ መጻሕፍት ከዘመናችን የደረሱት ጸሐፍት ስለገለበጧቸው ብቻ አልነበረም፤ በየጉባኤ ቤቱ የሚያነቧቸውና የሚተረጉሟቸው መምህራን ሐረግ ስላልተቋረጠም ጭምር ነው።

ዛሬ የማነሣው ግን የብራናን ሳይሆን የሶፍትዌርን ታሪክ ነው። እሱም ቢሆን ስማቸው በየአደባባዩ ስለሚጠራው ታላላቅ ፕሮግራሞች አይደለም፤ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ሌሎች ፕሮግራሞችን ስለሚገነቡ መሣሪያዎች ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ከዘመን ጋር እኩል ይሮጣሉ፤ እንዲገነቡት የተሰጣቸው ጽሑፍ ግን በተጻፈበት ዘመን ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሁለቱን እንደገና አገናኝቶ ማግባባት የብዙ ባለሙያዎች የዘወትር ድካም ነው። «ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ምን ይፈይዳል?» ለሚል አንባቢ፣ መልሱ ከመጣጥፉ መካከል ይጠብቀዋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ ይሏል።

አስቀድሜ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። ፕሮግራመር የሚጽፈው ሰው አንብቦ ሊረዳው የሚችል ጽሑፍ ነው፤ ምንጭ ኮድ ይባላል። ኮምፒውተሩ ይህን ጽሑፍ እንዳለ አይረዳውም። ኮምፓይለር የሚባል ፕሮግራም ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ ይመልሰዋል። ኮምፓይለሩም ብቻውን አይመጣም፤ ሌሎች አስቀድመው የጻፏቸውን ዝግጁ ተግባራት የያዘ ክምችት አብሮት አለ። ኮምፓይለሩ፣ ክምችቱና የተገነባውን ፕሮግራም የሚያሄደው ክፍል በአንድ ጥቅል ሲቀርቡ የማበልጸጊያ ኪት ይባላሉ። ሥራው በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎች ያሉት ሲሆን ደግሞ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል፣ የትኛው ሳይነካ ይለፍ የሚለውን የሚወስን አካል ያስፈልጋል። ይህ የግንባታ መሣሪያው ነው። ኮምፓይለሩን ግንበኛ ካልነው፣ የግንባታ መሣሪያው ፎርማኑ ነው።

የፎርማኖቹ ሁሉ አባት ሜክ ይባላል። በ1976 በቤል ላብስ ስቱዋርት ፌልድማን የተባለ ባለሙያ ጻፈው። የመነሻው ምክንያት የአንድ ባልደረባ የባከነ ጠዋት እንደነበር ፌልድማን ራሱ ተናግሯል። ስቲቭ ጆንሰን ከአንድ ስሕተት ጋር ሲታገል አረፈደ። በኋላ እንደታወቀው ግን ስሕተቱ ቀደም ብሎ ታርሟል፤ የታረመው ፋይል እንደገና ወደ ማሽን ቋንቋ ስላልተመለሰ፣ ኮምፒውተሩ የሚያሄደው አሁንም አሮጌውን ኖሯል። ጤነኛን ሰው እንደ በሽተኛ ሲያክሙ መዋል ማለት ይህ ነው። ሜክ ያመጣው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ የምንጩን ፋይልና የውጤቱን ፋይል ሰዓት ያነጻጽራል፤ ምንጩ ከውጤቱ በኋላ ከተለወጠ ያንኑ ብቻ እንደገና ያስገነባል።

የሜክ ታሪክ ለዚህ መጣጥፍ የሚጠቅመን ግን በአንዲት ጥቃቅን ጉድለቱ ነው። በሜክ ትእዛዝ የያዘ መሥመር ሁሉ ታብ በተባለው ቁልፍ መጀመር አለበት። በታብ ፈንታ ክፍት ቦታ የተወ ሰው ሥራው ይቆምበታል፤ ሁለቱ ደግሞ በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። ፌልድማን ይህ እንደማያምር ገብቶት ነበር። ዳሩ ግን ፕሮግራሙ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደርዘን ያህል ተጠቃሚዎች፣ አብዛኞቹም ወዳጆቹ፣ ሥራቸውን በእርሱ ላይ መሥርተው ነበር፤ እነርሱን ላለማወክ ሲል ነገሩን እንዳለ ተወው። በ2003 የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው ኤሲኤም ለሜክ ሽልማት ሲሰጠው፣ ያቺ ታብ አብራ ነበረች። ዛሬም አለች። ለአሥራ ሁለት ሰዎች የተደረገ ይሉኝታ የሚሊዮኖች ሕግ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ የጉዳዩ ሁለት ፊቶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የቆየውን ላለመስበር የሚጠነቀቅ መሣሪያ ጉድለቱን ይዞ ያረጃል። ጉድለቱን የሚያርም መሣሪያ ደግሞ የቆየውን ይሰብራል። ከዚህ ቀጥሎ የምተርከው ታሪክ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተደረገ ግብግብ ነው።

የሚቀጥለውን ምዕራፍ የጻፈው ጃቫ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በጄምስ ጎስሊንግ መሪነት የተወለደውን ይህን ቋንቋ በ1995 ይፋ አደረገ፤ የመጀመሪያውን ኪት፣ ማለትም ጄዲኬ 1.0ን፣ በ1996 አወጣ። መፈክሩም «አንድ ጊዜ ጻፍ፣ የትም አሂድ» የሚል ነበር። የጃቫ ኮምፓይለር ጽሑፉን ለአንድ የተወሰነ ኮምፒውተር ቋንቋ አይመልስም፤ የጃቫ ማሽን የሚባል አስተርጓሚ ብቻ ወደሚያውቀው የጋራ ቋንቋ ይመልሰዋል። አስተርጓሚው ባለበት ሁሉ ፕሮግራሙ ይሄዳል። በዚህ መንገድ የተገነባ ፋይል ሁሉ መለያ ማኅተም ከፊቱ ያትማል፤ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ሲጻፍ «ካፌ ቤብ» ተብሎ የሚነበብ ቁጥር ነው። ቋንቋው ስሙን የወሰደው ከቡና ነውና፣ የቡና መገኛ አገር ልጅ ይህን ሲያነብ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

ከማኅተሙ ቀጥሎ የሚጻፈው ግን ፈገግ አያሰኝም። ፋይሉ የተገነባበትን ዘመን የሚናገር ቁጥር ነው። ለጄዲኬ 1.4 ተብሎ የተገነባ ፋይል 48 የሚል ምልክት አለው፤ በጄዲኬ 5 የተገነባው 49፤ በ8 የተገነባው 52፤ በ17 የተገነባው 61፤ በ21 የተገነባው 65። የጃቫ ማሽን ፋይሉን ሲከፍት አስቀድሞ ይህን ቁጥር ያነባል፤ እርሱ ከሚያውቀው ከበለጠ በሩን ይዘጋል፤ ስሪቱን እንደማያውቀው ተናግሮ ያቆማል። «የትም አሂድ» የተባለው ቃል ኪዳን በቦታ ረገድ የቱን ያህል ቢጸና፣ በዘመን ረገድ ግን የአንድ አቅጣጫ ቃል ኪዳን ነው። ልጅ የአባቱን ደብዳቤ ያነባል፤ አባት የልጁን ማንበብ አይችልም።

ለመሆኑ ልጅስ የአባቱን ደብዳቤ ሁልጊዜ ያነባልን? አያነብም። ቋንቋ ሲያድግ ቃላትን ይነጥቃል። በ2002 የወጣው ጄዲኬ 1.4 «አሰርት» የተባለውን ቃል የቋንቋው የራሱ ቃል አደረገው፤ ከዚያ በፊት ማንም ፕሮግራመር ለፈለገው ነገር ስም አድርጎ ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ጄዩኒት የተባለው ታዋቂ የመፈተኛ መሣሪያ ያንኑ ቃል ይጠቀምበት ስለነበር በ2001 ባወጣው ዕትም ስሙን ለመለወጥ ተገደደ። በ2004 ጄዲኬ 5 ሲወጣ ደግሞ ተራው የ«ኢነም» ሆነ። ይህች አጭር ቃል ዝርዝርን አንድ በአንድ ለሚቆጥር ተለዋዋጭ በብዙ ፕሮግራመሮች ዘንድ የተለመደች ስም ነበረች። በአንድ ሌሊት የተከለከለች ቃል ሆነች። ትናንት ንጹሕ የነበረ ጽሑፍ ዛሬ ኮምፓይለሩ ፊት የሰዋስው ስሕተት ሆኖ ተገኘ። በየጽሑፉ ያለ አንድ የተለመደ ቃል በአዋጅ ለሌላ ነገር ተለይቶ ቢያዝ፣ የቀደሙት ድርሰቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ «የተሳሳቱ» ይሆኑ ነበር። ነገሩ ይህን ይመስላል።

የኪቱ ሠሪዎች ይህን አላጡትም። ለኮምፓይለሩ ሁለት መመሪያዎች ሰጡት። አንዱ «ይህን ጽሑፍ በእገሌ ዘመን ሰዋስው አንብበው» ይላል፤ ሁለተኛው «ውጤቱን የእገሌ ዘመን ማሽን በሚቀበለው መልክ ጻፈው» ይላል። ብዙ ሰው በእነዚህ በሁለቱ ችግሩ ያለቀለት መሰለው። ችግሩ ግን ከሰዋስውና ከማኅተም ይልቅ ከክምችቱ ውስጥ ተደብቆ ነበር።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። አንድ ሐረግ ባዶ መሆን አለመሆኑን የምትጠይቅ «ኢዝኤምፕቲ» የምትባል ተግባር ወደ ክምችቱ የገባችው በ2006 ከጄዲኬ 6 ጋር ነው። ፕሮግራመሩ በጄዲኬ 6 ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱንም መመሪያዎች ወደ 5 አስተካክሎ፣ ይህችን ተግባር ቢጠቀም ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ሰዋስው አልተጣሰም፤ ማኅተሙም ትክክል ነው። ፕሮግራሙ ወደ እውነተኛው ጄዲኬ 5 በሄደ ጊዜ ግን የተጠራችው ተግባር አትገኝም፤ ሥራው መንገድ ላይ ይቆማል። ከዚህ የረቀቀም አለ። በ2017 በወጣው ጄዲኬ 9 «ባይትበፈር» በሚባለው ክፍል ውስጥ ያለችው «ፍሊፕ» የምትባል ተግባር የምትመልሰው ነገር ዓይነት ተለወጠ። ስሟ አልተለወጠም፤ አጠራሯም አልተለወጠም። የፕሮግራመሩ ጽሑፍ ከአንድ ፊደል እንኳ ሳይነካ፣ በአዲሱ ኪት ለጄዲኬ 8 ተብሎ ሲገነባ፣ በጄዲኬ 8 ላይ ሲሄድ ይወድቃል። ጽሑፉን አሥር ጊዜ ቢመረምሩት ጥፋት አይገኝበትም፤ ጥፋቱ ከመሥመሮቹ በስተጀርባ ነው።

ለዚህ ደህና መድኃኒት የተገኘው በዚያው በጄዲኬ 9 ነው። «ሪሊዝ» የተባለ አንድ መመሪያ ሰዋስውን፣ ማኅተሙንና የዚያን ዘመን ክምችት ዝርዝር ሦስቱንም አስተባብሮ ይይዛል። ኮምፓይለሩ የቀድሞዎቹን ዕትሞች ክምችት ማውጫ በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ፣ በዚያ ዘመን ያልነበረ ተግባር ሲጠራ እዚያው ይከለክላል። ቃል ኪዳኑ በጽሑፍ ከወጣ ከ21 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ዳሩ ግን ይህም ወሰን አለው። የኪቱ ሠሪዎች ወደ ኋላ የሚያዩትን ርቀት ወስነውታል። ጄዲኬ 9 ከ6 በታች ላሉት ዘመናት መገንባቱን አቆመ፤ ጄዲኬ 12 ስድስትን ተወ፤ ጄዲኬ 20 ሰባትን ተወ፤ ጄዲኬ 21 ደግሞ ለስምንት ሲገነባ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ከ2017 ወዲህ አዲስ ዕትም በየስድስት ወሩ ይወጣልና ሰዓቱ ፈጥኗል። ይህን በክፋት አልቆጥረውም። እያንዳንዱን ያለፈ ዘመን መሸከም ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍሉት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ከኋላ የቀረው ጽሑፍ የማን አደራ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ወደ ፎርማኖቹ ልመለስ። ጄምስ ዱንካን ዴቪድሰን የተባለ የሰን ባለሙያ ቶምካት የተባለውን ሥራ ሲያዘጋጅ በሜክ ታብ ተማረረ፤ በጃቫ የተጻፈ፣ በኤክስኤምኤል የሚታዘዝ አዲስ ፎርማን ሠራ። አንት አለው፤ ጉንዳን ማለት ነው፤ ትንሽ ሆኖ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ የሚሸከም። በ2000 በአፓቺ ድርጅት ሥር ራሱን ችሎ ወጣ። ከዚያ ሜቨን መጣ፤ የመጀመሪያው ሙሉ ዕትም በ2004 ወጣ። ስሙ የዪዲሽ ቃል ነው፤ በዕብራይስጥ «ሜቪን»፣ አስተዋይና ዐዋቂ፣ ከሚለው የመጣ ነው። ከእነርሱ በኋላ ግሬድል ተከተለ። እነዚህ ሁሉ ሜክ ያልነበረበት አንድ እንግዳ ጠባይ አላቸው፤ የጃቫ ፕሮግራም የሚገነቡ ራሳቸው የጃቫ ፕሮግራሞች ናቸው። ስለዚህ እነርሱም ዘመን አላቸው። አንት 1.10 ለመነሣት ቢያንስ ጃቫ 8ን ይሻል። ሜቨን 3.9ም እንዲሁ። በ2025 የወጣው ግሬድል 9 ከጃቫ 17 በታች አይነሣም። ፎርማኑ ራሱ በአሮጌው ቤት ውስጥ መቆም አልቻለም።

መውጫው የተገኘው ፎርማኑንና ግንበኛውን በመለየት ነው። ፎርማኑ በሚፈልገው በአዲሱ ጃቫ ላይ ይቀመጣል፤ የግንባታውን ሥራ ግን ለብቻው ለሚነሣ ለቆየው ኮምፓይለር ያዝዛል። አንት ይህን ከጥንት ጀምሮ ይችላል፤ ኮምፓይለሩ በተለየ ሂደት እንዲነሣ ማዘዝና የሚገኝበትን ቦታ መንገር ብቻ ይበቃዋል። ሜቨንና ግሬድል «ቱልቼይን» በሚል ስም አደራጁት፤ ግሬድል በ2020 ባወጣው 6.7 ዕትም። ይህን ሥርዓት ሳስብ የአንድምታ መምህር ይታየኛል። ንባቡ ግእዝ ነው፤ አይነካም። ትርጓሜው አማርኛ ነው፤ ተማሪው በሚሰማው ቋንቋ ይቀርባል። መምህሩ ግእዙን አማርኛ ለማድረግ ብሎ ንባቡን አይፍቅም፤ አማርኛውንም ትቶ በግእዝ ብቻ አያስተምርም። ሁለቱም በየቦታቸው ቆመው በመካከላቸው የሚመላለስ ሰው አለ።

እንግዲህ ቃል የገባሁትን መልስ ልስጥ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ በአማርኛ በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ለላቲን ፊደል በተመደቡ ቁጥሮች ላይ የአማርኛ ቅርጽ የለበሰ ፎንት ይጠቀም ነበር። የአንድ ፎንት ቦታ 256 ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ይህን ይሞላዋልና ለሁለት የከፈሉትም ነበሩ። እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱ አደላደል ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ግጥም በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ከዚያ ዘመን የቀረ ድርሰት በየቤቱ፣ በየዲስኬቱና በየሲዲው ውስጥ አለ፤ ጽሑፉ ተቀምጧል፣ ንባቡ ግን የለም።

አንድ የማውቀው ገጣሚ ሥራዎቹን ሁሉ በእንዲህ ያለ ፎንት ጽፎ አልፏል። ፕሮግራም መጻፍም ይችል ነበርና በ2003 ግጥሞቹን ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ አነስተኛ ፕሮግራም በጃቫ ጽፎ ነበር። ቤተሰቡ ግጥሞቹን ለማሳተም ሲነሡ የተገነባው ፕሮግራም ጠፍቶ ምንጭ ኮዱና የአንት ማዘዣው ብቻ ተገኙ። ሌላ ለዋጭ ፕሮግራም ለምን አልተጠቀማችሁም የሚል ይኖራል። ተሞክሮ ነበር። ገጣሚው ግን በፎንቱ አደላደል ላይ የራሱን ለውጥ አድርጎ ኖሯል፤ ሠረዝና ሰረዝን፣ ንጉሥና ንጉስን የሚለይ፣ ሀሌታውን ከሐመሩና ከብዙኃኑ የማያምታታ ሰው ነበር። ሌላው ለዋጭ እነዚህን አደበላለቃቸው። በግጥም ውስጥ ደግሞ «ሠ»ን በ«ሰ» መተካት ኅብረ ቃሉን ማጥፋት ሊሆን ይችላል። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቀው የእርሱ ፕሮግራም ብቻ ነበር።

ሥራውን እኔ ተቀበልኩት። ፕሮግራሙ በጄዲኬ 1.4 ዘመን የተጻፈ ነው። «ኢነም» የምትባል ተለዋዋጭ አለችው፤ ስለዚህ የዛሬ ኮምፓይለር ከመጀመሪያው ገጽ አያልፍም። ጄዲኬ 8 የ1.4ን ሰዋስው ገና ያነባል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ፊደላትን ለመመለስ የተጠቀመበት የኪቱ የውስጥ ክፍል ከ8 ተነሥቷል። ስለዚህ ሁለት መንገድ ነበር፤ ወይ ጽሑፉን ማደስ፣ ወይ የቆየውን ኪት መፈለግ። ከሁለቱ የቆየውን አስቀደምሁ። ጽሑፉን አስቀድሜ ባድሰው፣ የማገኘው ውጤት የእርሱ ይሁን የእኔ የማውቅበት ሚዛን አይኖረኝም ነበርና።

ደግነቱ የቆየው ኪት አሁንም ይገኛል፤ በኮምፒውተሬም ላይ ተነሣልኝ። አንትን በጃቫ 8 ላይ አስቀምጬ ሥራውን ለ1.4 ኮምፓይለር እንዲያዝ አደረግሁት፤ የሚታዘዘው የየትኛው ዘመን ኮምፓይለር እንደሆነም ለይቼ ነገርኩት፤ ያለዚያ የማያውቃቸውን አዳዲስ ትእዛዞች ይልክበታል። ግንባታው ያለ ስሞታ አለቀ። ውጤቱ ግን ትርጉም የለሽ ምልክት ነበር። ገጣሚው የሠራው የፋይሎች ነባር አመዳደብ ዩቲኤፍ-8 በሆነ ሊኑክስ ላይ ነው፤ የምንጭ ኮዱ የፊደላት ሰንጠረዥም በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ነው። በዘመኑ ኪቱ ምንጩን የሚያነበው ማሽኑ በያዘው ነባር አመዳደብ ነበርና ማዘዣው ውስጥ ምንም መግለጽ አላስፈለገውም። የእኔ ማሽን ነባር አመዳደብ የምዕራብ አውሮፓ ነው፤ በሦስት ባይት የሚጻፈው እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ለኮምፓይለሩ ሦስት እንግዳ የላቲን ምልክት ሆኖ ታየው። ጃቫ ይህን ልማዱን ትቶ ዩቲኤፍ-8ን በየትኛውም ማሽን ላይ ነባር ያደረገው በ2022 በጄዲኬ 18 ነው። በማዘዣው ላይ አመዳደቡን የሚገልጽ አንዲት ቃል ጨመርሁ፤ ግጥሞቹ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ነው ማደሱን የጀመርሁት። ተለዋዋጯን ሌላ ስም ሰጠኋት፤ የተነሣውን የውስጥ ክፍል ዛሬ በግልጽ በሚታወቀው ተካሁት፤ በአዲስ ኪት ገነባሁት። የሁለቱን ፕሮግራሞች ውጤት ባይት በባይት አነጻጸርሁ። ልዩነት አልነበራቸውም። «ሠ»ውም «ሰ»ውም እንደ ቦታቸው ነበሩ። የቆየው ኪት ሚዛን ባይሆነኝ ኖሮ ይህን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም ነበር።

ከዚህ ታሪክ የማገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የቆየ መሣሪያ መጠበቅ ያለበት ናፍቆት ስለሚያስወድደን አይደለም። አዲሱ ሥራ ከጥንቱ ጋር አንድ መሆኑን የምንመሰክርበት ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው። ገልባጭ ጸሐፊ እናቱን ቅጂ ጥሎ አዲሱን ብቻ ቢያስቀር፣ ማን በምን ያርመዋል? ከተቻለ ሁለቱም ይቀመጡ።

ሁለተኛው፣ ለሚቀጥለው አንባቢ ከምንም በላይ የሚጠቅመው ሳይጻፍ የሚቀረው ነገር ነው። የብራና ጸሐፍት መጽሐፉን ሲጨርሱ በመጨረሻው ገጽ ላይ ማን እንዳስጻፈው፣ ማን እንደጻፈው፣ ብዙ ጊዜም በማን ዘመን እንደሆነ አስፍረው፣ ለደከመው እጃቸው ጸሎት ለምነው ይዘጋሉ። ዘመናዊዎቹ ፎርማኖች ይህን የመሰለ ልማድ እየያዙ ነው፤ ግሬድልም ሆነ ሜቨን የትኛው ዕትም እንደገነባ የሚናገርና ያንኑ ዕትም አምጥቶ የሚያስነሣ አነስተኛ ፋይል ከሥራው ጋር አብሮ እንዲቀመጥ ያስችላሉ። የትኛው ኪት፣ የትኛው ፎርማን፣ የትኛው የፊደል አመዳደብ የሚሉትን ሦስት መሥመሮች ከጽሑፉ ጋር የሚያኖር ሰው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣውን የማያውቀውን ባለሙያ ከሳምንታት ድካም ያድነዋል።

ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎችም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። የዛሬ ድርሰታችን ሁሉ የሚቀመጠው በፕሮግራም ውስጥ ነው። በቤታችሁ ያለውን አሮጌ ሲዲ ከመጣላችሁ በፊት በየትኛው ፎንት፣ በየትኛው ፕሮግራም እንደተጻፈ በሽፋኑ ላይ ጻፉበት፤ ዛሬ ሊከፍተው የሚችል ሰው ካለም ሳይውል ሳያድር አስከፍቱት። ፊደሉን የሚያውቁ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ብራናን ብራና ብቻ ሆኖ ከመቅረት ያዳነውም ይኸው ነበር።

ቸር እንሰንብት።